ተማሪ ሲወጣ ለሚቀረው ዕቃ ማቆያ ይፈለግለት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ አሁን የምጽፈው የዘንድሮ ተመራቂዎች ሻንጣቸውን ማሰር ከመጀመራቸው በፊት ለንባብ እንዲበቃልኝ ፈልጌ ነው። ጉዳዬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዶርም ሲወጡ ትተውት የሚሄዱት ዕቃ ነው። በየዓመቱ ነገሩ ትዝ የሚለን ዕቃው በጋሪ ተጭኖ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ከሄደ በኋላ ስለሆነ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ቢያንስ በዚህ ዓመት አስቀድመው እንዲነጋገሩበት እሻለሁ።

ከ2005 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ በሴቶች ማደሪያ ሕንፃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ተማሪዎቹ «ፕሮክተር» ይሉናል። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደሴ ተመልሻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ተማሪ ሲገባም ሲወጣም በር ላይ ቆሜ ስላየሁ፣ የምናገረው ከሰማሁት ሳይሆን በእጄ ካነሳሁትና ከጣልሁት ነው።

ተማሪዎች ከወጡ በኋላ አንድ ክፍል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ነገሩን እንደ ተራ ጉድፍ ሊቆጥረው ይችላል። ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል ይኖራሉ እንበል። ከስድስቱ መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ባልዲና ሳፋቸውን አልጋ ሥር ትተው ይሄዳሉ። መስኮቱ ላይ ጀበናና ሁለት ሲኒ፣ ሎከሩ ውስጥ ግማሽ ድረስ በሶ ያለበት ጣሳና በፌስታል የተቋጠረ ድርቆሽ ይገኛል። ልጆቹ የታችኛውን አልጋ እንደ ጎጆ የሚከልሉበት መጋረጃ ከነገመዱ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ፔርሙስ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ የልብስ ማንጠልጠያ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ኮርስ ብቻ የተለበሰበት የላቦራቶሪ ነጭ ጋውን፣ ባትሪው ያለቀ ካልኩሌተር፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ሞጁልና ሀንድአውት ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን አንሶላና ብርድ ልብስ ይተርፋል። እኔ ስሠራበት በነበረው ሕንፃ ከመቶ በላይ ክፍሎች ነበሩ፤ ከየክፍሉ የሚወጣው ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል።

እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ያልወጣው ግን አንድ ባና ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ሕንፃው ቶሎ ፀድቶ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች እንዲደርስ ታዘዝን። በሦስተኛው ፎቅ ከአንድ አልጋ ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አገኘሁ። የወሎና የመንዝ ደጋ ሰው ባና ምን ያህል የእጅ ሥራ እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። በአንዱ ጥግ የልጅቱ ስም በቀይ ክር ተጽፎበታል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነው፣ መጻፍ ብዙም ያልለመደ እጅ ተጨንቆ የሠራቸው እንደሆኑ ያስታውቃሉ። ልጅቱ ለምን እንደተወችው አላውቅም፤ ምናልባት ለአውቶቡስ ከብዶባት ይሆናል፣ ምናልባትም ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብላ አጣጥፋ ያስቀመጠችው ይሆናል። የማኖርበት ስፍራ አልነበረኝም፤ ከሌላው ጋር ወደ ሕንፃው ጀርባ አስወጣሁት። በማግሥቱ ክምሩ ተቃጠለ። የበግ ጠጉር ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ እስከ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

ከዚያ በኋላ አዲስ ገቢዎች ሲገቡ፣ ከመተማ አካባቢ የመጣች አንዲት ልጅ በመጀመሪያዋ ሌሊት፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፎ፣ በቀጭን ነጠላ ተጠቅልላ ወደ እኔ ወረደች። ከተማው እንደ ደሴ ብርዳም ነበር። «እትዬ፣ የሚደረብ ነገር ይኖርዎታል?» አለችኝ። ያለኝ የራሴ ጋቢ ብቻ ስለነበር እሱን ሰጠኋት፤ እኔ ሌሊቱን በካፖርት አደርኩ። ያ ባና ጥቂት ወራት ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ለዚች ልጅ በደረሰ ነበር። እኔ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው፤ ዕቃው የሚተርፈው በሰኔና በሐምሌ ሲሆን የሚፈለገው ግን አዲስ ገቢ በሚገባበት ወቅት ነው። በመካከል ላሉት ወራት የሚያቆየው ክፍልና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስለሌለ ብቻ ደህና ዕቃ ቆሻሻ ተብሎ ይቃጠላል።

ተማሪዎቹን በአባካኝነት የሚወቅሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከደሴ ተነስቶ ወደ ጅማ ወይም ወደ ጋምቤላ የሚሄድ ልጅ ባልዲና ሳፋ ተሸክሞ ሦስት አውቶቡስ ሊቀያይር አይችልም፤ ለተጨማሪ ሻንጣ የሚጠየቀው ሒሳብ አንዳንዴ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ተመራቂው እስከ መጨረሻው ሰዓት ልቡ ፈተናው ላይ ነው። ፈተናው ባለቀ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ክሊራንስ የሚባለውን የመልቀቂያ ወረቀት ያዞራል፣ የወጪ መጋራት ውሉን ይፈርማል፣ ቤተሰብ ከመጣለት ቤተሰቡን ያስተናግዳል፣ ከዚያም ክፍሉን ይለቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በመጀመሩ ዶርሞቹ ቀድሞ ከነበረው በባሰ ጥድፊያ ይለቀቃሉ። በዚህ ጥድፊያ መካከል አንዲት ልጅ ብርድ ልብሷን ይዛ የሚቀበላት ሰው ፍለጋ ግቢውን ትዞራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የክሊራንሱ ወረቀት ራሱ ለዚህ ዕቃ ቦታ የለውም። ወረቀቱ ፍራሹ፣ ወንበሩና የሎከሩ ቁልፍ መመለሳቸውን፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አለመቅረቱን ይጠይቃል፤ ሁሉም የመንግሥት ንብረት ነውና ይህ ተገቢ ነው። ልጅቱ ከቤቷ ያመጣችው ዕቃ ግን በመንግሥት የዕቃ መቀበያ ቅጽ በሞዴል 19 ገቢ ያልሆነ፣ በማውጫው ቅጽ በሞዴል 22 ወጪ የማይሆን ስለሆነ ግምጃ ቤቱ አያውቀውም። የግምጃ ቤት ሠራተኛው ዕቃውን ቢቀበል ነገ ኦዲተር ሲመጣ «ይህ ከየት መጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ማንም አይነካውም። እኔም ባናውን ያልደበቅሁት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከሕንፃው ዕቃ ይዛ ወጣች እንዳልባል ፈራሁ።

እዚህ ላይ ስለ ፅዳት ሠራተኞች መናገር ይኖርብኛል፤ እነሱን የረሳ ሐሳብ ጉዳት ያመጣልና። ዛሬም ቢሆን ከሚቀረው ዕቃ ጥቂቱ ከቃጠሎ የሚድነው በእነሱ እጅ ነው። ደመወዛቸው አነስተኛ ስለሆነ አንዷ ባልዲውን፣ ሌላዋ አንሶላውን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ የተረፈውን በር ላይ ለቆመው ልዋጭ ሰጥታ ሳህን ወይም ብርጭቆ ትቀይራለች። ዓመቱን ሙሉ የልጆቹን መታጠቢያ ቤት ሲያፀዱ የኖሩ እናቶች ናቸው። ዕቃው በሥርዓት ይሰብሰብ ስንል ይህችን ትንሽ ጥቅማቸውን ከእጃቸው ነጥቀን መሆን የለበትም። በእኔ አስተያየት በየፎቁ የሚሠሩት ሠራተኞች ለቤታቸው የሚፈልጉትን ቀድመው በግልጽ ይምረጡ፣ ስማቸውና የወሰዱት ዕቃ ይመዝገብ፣ ለመልቀሙና ለማጠቡም ሥራ የቀን ሒሳብ ይከፈላቸው። በድብቅ የሚወሰደው ዕቃ በግልጽ ሲወሰድ በር ላይ የሚደረገው ፍተሻና መሸማቀቅም ይቀራል። በዚያ ፍተሻ ላይ ቆሜ ስለነበር፣ አንዲት እናት ለአንድ አሮጌ ሳፋ ስትል ፌስታሏን አራግፋ ስታሳይ ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ይህ ሥራ ከአቅም በላይ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ስንሠራው አይቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ፣ ብዙዎቹ በቅርብ እንመለሳለን ብለው ዕቃቸውን ከነቁልፉ ትተው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ክፍሎቹ ይፈለጉ ነበርና የእያንዳንዷን ልጅ ዕቃ በየማዳበሪያው ከተን፣ ስሟንና የክፍሏን ቁጥር ጽፈን፣ በአንድ አዳራሽ ደረደርነው። አራት ሴቶች ሆነን አንዱን ሕንፃ በስድስት ቀን ጨረስን። ስሙን በወረቀት ጽፈን በማጣበቃችን ተሳስተን ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት ተላቀቀና ልጆቹ ሲመለሱ የአንዷ ዕቃ ከሌላዋ ጋር ተደባለቀ። ከወለሉ በጣውላ ሳናነሳ የደረደርነውንም አይጥ ቀደደው። ያም ሆኖ አብዛኛው ዕቃ ለባለቤቱ ደረሰ። ስሙ በማርከር በጨርቅ ላይ ቢጻፍና ማዳበሪያው ከወለል ከፍ ቢል ይህም ስሕተት ባልደረሰ ነበር። በዚያ የችግር ጊዜ ለሺዎች ዕቃ ቦታ ተገኝቷል፤ በደህናው ጊዜ ለተረፈው ዕቃ አንድ ክፍል ይጠፋል ብዬ አላምንም።

በሌላው ዓለምም ይህ የታወቀ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2011 የጀመሩት ሥራ፣ ዶርም የሚለቁ ተማሪዎች በግንቦት ግድም የሚተዉትን ሰብስቦ በእረፍቱ ወራት ያቆይና ትምህርት ሲጀመር ለአዲስ ገቢዎች በርካሽ ይሸጣል፤ የሥራውም ወጪ ከሽያጩ ይሸፈናል። በዚያ የሚተወው ማቀዝቀዣና ሶፋ ነው፣ በእኛ ዘንድ ባልዲና ብርድ ልብስ ነው። ከእነሱ የምንወስደው የዕቃውን ዓይነት ሳይሆን በመውጫና በመግቢያ መካከል ያሉትን ወራት በመጋዘን ማሻገራቸውን ነው።

ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ይህም ለዚህ ሥራ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሌላቸውን ምቹነት ይሰጠዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በኮምቦልቻ ብርድ ልብስ ሳይደርብ የከረመ ተማሪ ሲወጣ የሚተወው ብርድ ልብስ በደሴ ላለው አዲስ ገቢ ሕይወት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም የታጠበ ብርድ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ የታጠፈው ይሻግታል። ስለዚህ ከደሴ የሚሰበሰበው የአልጋ ልብስ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እዚያ በፀሐይ ደርቆ፣ ለመግቢያው ተመልሶ ቢወጣ መልካም ነው። በሁለቱ ግቢዎች መካከል የሚመላለሰው መኪና ባዶውን በሚሄድበት ቀን ይህን ቢጭን ተጨማሪ ወጪው ብዙ አይሆንም።

ስለ ንፅህና የሚነሳው ሥጋት እውነተኛ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናየው ይገባል። የሰው አልጋ ልብስ እከክ፣ ቅማል፣ ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እከክን የምታመጣው ተባይ ከሰው ገላ ከተለየች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አትቆይም። ስለዚህ ልብሱ በማዳበሪያ በደንብ ታስሮ አንድ ሳምንት ቢቀመጥና ከዚያም በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ቢደርቅ ያሠጋል የሚባል አይደለም። ትኋን ግን ከዚህ የተለየች ናት፤ ሳትመገብ ወራት ልትቆይ ስለምትችል ታስሮ መቀመጡ ብቻ አይገድላትም፣ የሚገድላት ሙቀት ነው። በዚህም ምክንያት እኔ በግሌ ትራስና የስፖንጅ ፍራሽ ከሚሰበሰበው ዕቃ ውጭ ይሁኑ እላለሁ፤ በውስጣቸው ያለውን ማንም ሊያይ አይችልም፣ በፈላ ውሃም አይታጠቡም። የውስጥ ልብስም እንዲሁ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጋውንና ሹራብ ግን በሙቅ ውሃ ታጥበው እንደ አዲስ የሚሆኑ ናቸው። ባናና ሌላ የጠጉር ልብስ በፈላ ውሃ ይሸበሸባልና ስፌቱ እየተገለጠ በፀሐይ መሰጣትና መራገፍ፣ ከዚያም ደጋግሞ መታየት ይኖርበታል። በሶና ድርቆሽን በተመለከተ፣ ክዳኑ ያልተከፈተው እዚያው ላሉ ሠራተኞች ይሰጥ እንጂ አይቆይ።

የኤሌክትሪክ ዕቃም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ምድጃ በዶርም ውስጥ የተከለከለ መሆኑ ቢታወቅም በየዓመቱ አልጋ ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ ውሃ ማፍያውም ብዙ ጊዜ ሽቦው የተቀጠለ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይመረመር ለሌላ ልጅ መስጠት አደጋን ማሻገር ነው። ኮምቦልቻ ያለው ግቢ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነውና፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት እየፈተሹ የሚጠገነውን ቢጠግኑ፣ የማይጠገነውን ቢፈታቱት ለእነሱም የተግባር ልምምድ ይሆናል። የተፈተሸውም ዶርም ውስጥ ስለማይፈቀድ ከግቢ ውጭ ላሉ ቤተሰቦች ይሰጥ።

ስለ መጽሐፍና ሞጁል ትንሽ ልበል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች በመላ አገሪቱ በአንድ ዓይነት ሞጁል ይሰጣሉ። የሎጂክ፣ የሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ሞጁል በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የተማረበት ልጅ ቢተወው በሌላው ለሚማረው ያው ነው። ይህን በኪሎ ለሱቅ መጠቅለያ መሸጥ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፤ ከዚያ ሦስት ወር በኋላ አዲሱ ልጅ ያንኑ ሞጁል ፎቶኮፒ ለማስነሳት ከኪሱ ገንዘብ ያወጣል። ልጁ የቀለም ቀንድ ሆኖ ኪሱ የሳሳ ከሆነ፣ ከሌላ ልጅ ተውሶ በሌሊት ይገለብጣል። ለ12ኛ ክፍል ዝግጅት የሚሆነው ማጣቀሻ ደግሞ እዚሁ ደሴ ውስጥ ለወይዘሮ ስሂን፣ ለሆጤና ለመምህር አካለወልድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቢሰጥ ቦታ የሚያጣ አይመስለኝም።

«የሰው አሮጌ ለልጆቻችን መስጠት ክብራቸውን ይነካል» የሚል ሐሳብ ከአንድ ጎረቤቴ ሰምቻለሁ። ሐሳቡ የመጣው ከርኅራኄ ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን የምንኖረው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ብለው በሰየሙባት ከተማ ነው፤ ስሙ የሚነግረን ትልቁም ትንሹም ሳይጠየፍ ከአንድ ማዕድ እንዲቀርብ ነው። ክብር የሚነካው አሰጣጡ እንጂ ዕቃው አይደለም። አንድን ልጅ በሰው ፊት ጠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ ብርድ ልብስ መስጠት ያሳፍራል። የታጠበው ዕቃ በአንድ ክፍል ተደርድሮ፣ ማንኛውም አዲስ ገቢ፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ፣ መታወቂያውን አሳይቶ የሚፈልገውን መርጦ የሚወስድበት ከሆነ ግን ማን ለችግሩ፣ ማን ለምቾቱ እንደወሰደ የሚያውቅ የለም።

ዋጋ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚለውን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ። ለባልዲ፣ ለሳፋ፣ ለፔርሙስና ለመሳሰለው ጥቂት ብር ቢጠየቅ ክፋት የለውም፤ ከእሱ የሳሙናውና የአጣቢዎቹ ሒሳብ ይወጣል። ብርድ ልብስና አንሶላ ግን በምንም ምክንያት መሸጥ የለበትም። ብርድ ልብስ የሚያጣ ልጅ ያንኑ ጥቂት ብር የሚያጣ ልጅ ነውና። አዲስ ገቢዎቹ ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው በየሠፈሩ ባለው ቅሬ (በሌላው አገር እድር በሚባለው) በኩል ለቸገራቸው ቤቶች ይድረስ። ቅሬው እስላም ክርስቲያን ሳይል የማን ቤት ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ስለሆነ፣ ከእሱ የተሻለ አከፋፋይ ሊገኝ አይችልም።

የሕግ ጥያቄ የሚያነሱ አሉ፤ መልሱ ግን አስቸጋሪ አይመስለኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የእኔ ይሁን ብሎ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሚሆን ይደነግጋል። የሚያስቸግረው ዕቃው ሆን ተብሎ መተዉ ወይም መረሳቱ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ በክሊራንሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «በክፍሌ የተውኩትን የግል ዕቃ ለሌላ ተማሪ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ» ብሎ ተማሪው ይፈርም። ያልፈረመ ተማሪ ዕቃ ለአንድ ወር ስሙ ተጽፎበት ይቆይለት። የተፈረመበት ዕቃ ደግሞ ከመንግሥት ንብረት በተለየ መዝገብ ገቢና ወጪ ይደረግ። በዚህ መንገድ የግምጃ ቤት ሠራተኛው ከኦዲተር፣ ፕሮክተሯም ከሐሜት ይድናሉ።

ዕቃው ሲጣል ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የሚቃጠለው ፕላስቲክ ጭሱ በዙሪያው ላሉ ሰፈሮች ይደርሳል፤ በየቦዩ የሚወረወረው ደግሞ በመጀመሪያው ጎርፍ ተጠርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል።

በዚህ ጉዳይ ላይ እኔን እንደ ደሴ ልጅ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የ2014 ዓ.ም. ትዝታ ነው። ያን ጊዜ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማችን ትምህርት ቤቶች በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ፣ የከተማው ሰው ከየቤቱ የሚነጠፍና የሚለበስ ሲያዋጣ ነበር። እኅቴ ለራሷ ሦስት ልጆች አንድ ብርድ ልብስ አስቀርታ ሌላውን ሰጠች። ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውም ሆስፒታሉም ተዘርፈዋል። ስልክ ስደውል እኅቴ የምትነግረኝ ስለ ብርድ ልብስ ነበር። እኔ ደግሞ በምሠራበት ቦታ ባለፈው ዓመት ያቃጠልነውን እያሰብኩ ዝም እል ነበር። አንድ ከተማ የሚለበስና የሚነጠፍ ዕቃ የተቀመጠበት፣ ተመዝግቦና ታጥቦ የተዘጋጀ አንድ ክፍል ቢኖራት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከባዶ አትጀምርም።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደርና ከተማሪዎች ኅብረት የምጠይቀው ትንሽ ነው። ተማሪዎች ከመውጣታቸው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በየሕንፃው መግቢያ ማስታወቂያ ይለጠፍ። በየፎቁ አንድ ክፍት ቦታ ይለይና ማዳበሪያ ይቀመጥ፤ ልጆቹ የሚተዉትን አንዱ ለልብስ፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለሌላው ዕቃ ብለው ራሳቸው ይክተቱ። ቁልፉ በአንድ በስም በታወቀ ሰው እጅ የሚሆን፣ ወለሉ ጣውላ የተነጠፈበት፣ ዝናብ የማያስገባ አንድ ክፍል ይሰጥ። በግቢው ያሉት የበጎ አድራጎት ክበባት፣ የግቢ ጉባኤውና የጀመዓው ልጆች ጥሪ ቢደረግላቸው ለመልቀሙም ለማጠቡም እንደሚወጡ አልጠራጠርም፤ በየዓመቱ በራሳቸው ተነሳሽነት ለችግረኞች ልብስ ሲያሰባስቡ ያየኋቸው ናቸውና። በእነሱ ሥራ ላይ የሚጎድለው ዕቃው የሚቆይበት ቦታ ብቻ ነበር። የከተማው አስተዳደርም ጣውላውንና በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚያመላልሰውን መኪና በተመለከተ ሊያግዝ ይችላል።

ክፍሉ በዚህ ዓመት ካልተገኘ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ቀድሞ እህል ይቀመጥበት የነበረ አንድ ጎተራ ቤት አለኝ። ቆርቆሮው በግንቦት ተጠግኗል፣ ወለሉንም ከፍ አድርጌ ጣውላ አንጥፌበታለሁ። አርባ ማዳበሪያ ሳይጨናነቅ ይይዛል። ሦስት ጎረቤቶቼ ለማጠቡ ቃል ገብተውልኛል፤ አንደኛዋ የተቀደደውን በስፌት መኪናዋ ልትደርዝ ተስማምታለች። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት የለመድኩት ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ከሚወጡበት ቀን ጀምሮ እስከ መግቢያቸው ድረስ በሩ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪ
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ